የሕክምና ዋጋ ለምን አስቀድሞ አይነገርም?

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ስብሰባችን ላይ ስለ ሕክምና ዋጋ እንድናገር ኮሚቴው ጋብዞኛል። አንዳንዶቻችሁ «የዕድር ሥራ ቀብር ነው፤ ከሆስፒታል ዋጋ ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። እኔም ኮሚቴው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ዕድራችንን ከዚህ ይልቅ የሚነካ ጉዳይ አላገኘሁም። ለምን እንደ ሆነ ልንገራችሁ። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት በአንድ ሆስፒታል የሒሳብ ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። በፖስታ ቤታችሁ የሚመጣውን ያን የሚያስደነግጥ ቢል ከሚያዘጋጁት ሰዎች አንዷ ነኝ ማለት ነው። ባለፈው ዓመት በጥር ወር አንድ ማታ ከዕድራችን ነባር አባላት አንዱ ስልክ ደወሉልኝ። ስማቸውን አልጠራም፤ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ሥራ ለውጠው ስለ ነበር በመካከሉ ኢንሹራንሳቸው ተቋርጧል። «የኔ ልጅ፣ ደረጃ ስወጣ ደረቴን ይይዘኛል። አንቺ እዚያ ነሽና ታውቂዋለሽ፤ ሆስፒታል ብሄድ ስንት ያስከፍሉኛል?» አሉኝ። እኔም «ጋሼ፣ እንደሚያዙት ምርመራ ነው እንጂ አስቀድሞ አይታወቅም። ይልቅ ይሂዱ» አልኳቸው። «እስከ ስንት ይደርሳል?» ብለው ደገሙልኝ። እኔ የማውቀው ብዙ ሺሕ ዶላር ሊደርስ እንደሚችል ብቻ ነው፤ ያንኑ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «እንግዲያው ኢንሹራንሱ እስኪመለስልኝ ልታገሥ። ልጆቼን ዕዳ ውስጥ አልከታቸውም» ብለው ስልኩን ዘጉ። በአሥራ አንደኛው ቀን በልብ ሕመም አረፉ።

ቀድመው ሄደው ቢሆን ይድኑ ነበር ብሎ የነገረን ሐኪም የለም፤ እኔም አልልም። ያስቀራቸው ግን የዋጋው ፍርሃት መሆኑን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያን ቀን የሰጠኋቸው መልስ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ከዚያ ምን ሆነ? የኮሚቴው ሁለት ሰዎች፣ ወንድማቸውና እኔ ወደ ቀብር አስፈጻሚው ድርጅት ሄድን። ገና ወንበር ስበን ሳንቀመጥ ሰውየው የታተመ ወረቀት በእጃችን ሰጠን። የሣጥኑ ዋጋ በየዓይነቱ፣ አስከሬኑን ለጉዞ የማዘጋጀቱ፣ እስከ አውሮፕላን ማረፊያ የማድረሱ፣ የጸሎት አዳራሹ ኪራይ፤ ሁሉም በየመስመሩ ተጽፏል። እዚያው ቁጭ ብለን ለሌሎች ሁለት ድርጅቶች ስልክ ደወልን፤ እነሱም ሳያንገራግሩ ዋጋቸውን ነገሩን። አነጻጽረን በመረጥነው ላይ 1,100 ዶላር አተረፍን፤ ገንዘቡም ለልጆቹ ተሰጠ። በመኪና ስንመለስ ወንድማቸው «ለሬሳው የተነገረን ዋጋ ለራሱ ምነው ሳይነገረው ቀረ?» አለ። ማናችንም መልስ አልነበረንም። የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የሚደረግ ሙከራ ነው።

መጀመሪያ ቀብር አስፈጻሚው ዋጋውን የነገረን በደግነቱ ብቻ አለመሆኑን ዕወቁ። የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ያወጣው የቀብር አገልግሎት ደንብ ከ1984 ጀምሮ ያስገድደዋል። በአካል ሄዶ ለጠየቀ ሰው ሁሉ ይዞት የሚሄደውን የዋጋ ዝርዝር መስጠት አለበት፤ በስልክም ለጠየቀ ዋጋውን መናገር አለበት። ያልፈለጋችሁትን ዕቃ ጠቅልሎ ሊሸጥላችሁ አይችልም። ሣጥኑን ከሌላ ቦታ ብታመጡ እንቢ ሊል፣ ወይም ስለዚያ ቅጣት መሰል ክፍያ ሊጠይቅ አይችልም። ደንቡ የወጣው ኀዘን ላይ ያለ ሰው ዋጋ ለመጠየቅ ዐቅም የለውም፣ ስለዚህ በቀላሉ ይበዘበዛል ተብሎ ነው። ታዲያ የታመመ ሰውስ ከዚህ በምን ይለያል?

አገር ቤት ያለውን አሠራር አስታውሱ። ክሊኒክ ስትገቡ መጀመሪያ ካርድ ታወጣላችሁ። ላቦራቶሪ ሲታዘዝላችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ገንዘብ ተቀባይ ዘንድ ትሄዳላችሁ፤ ደረሰኙን ካላሳያችሁ ደም የሚቀዳላችሁ የለም። ያም ትልቅ ጉድለት አለበት፤ ገንዘብ የሌለው ደጅ ይቀራል። ዋጋውን ሳያውቅ የሚከፍል ግን የለም። እዚህ ነገሩ ተገላብጧል፤ መጀመሪያ ትታከማላችሁ፣ ዋጋው ከወር በኋላ በፖስታ ይመጣል። መርካቶ ገብቶ ዋጋ ሳይጠይቅ ጋቢ ለብሶ የሚወጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እዚህ ሁላችንም እንዲያ ነን።

ለምን እንዲህ ሆነ? ከውስጥ ሆኜ ያየሁትን ልንገራችሁ። እያንዳንዱ ሆስፒታል በሺሕ የሚቆጠሩ አገልግሎቶች የተመዘገቡበት የዋጋ መዝገብ አለው። በዚያ ላይ ያለው ዋጋ ግን ብዙ ጊዜ ለድርድር መነሻ እንዲሆን ከፍ ተደርጎ የተጻፈ ነው። እያንዳንዱ የኢንሹራንስ ኩባንያ ከሆስፒታሉ ጋር ተደራድሮ የራሱን ዋጋ ይዋዋላል፤ ያ ውል ለብዙ ዘመን ምስጢር ነበር። ለሽማግሌዎች የሚከፍለው ሜዲኬር ደግሞ አይደራደርም፤ መንግሥት ራሱ ይተምናል። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ግን ተደራዳሪ ስለሌለው ብዙ ጊዜ የመዝገቡ ሙሉ ዋጋ በላዩ ይወድቅበታል። እንግዲህ በአንድ ክፍል፣ በአንድ መሣሪያ፣ በአንድ ቀን የተመረመሩ አራት ሰዎች አራት ልዩ ልዩ ዋጋ ይከፍላሉ። ሙሉውን የሚጠየቀውም ከሁሉ ደኻው ነው። ለጋሼ መልስ ያጣሁት ዋጋ ስላልነበረ አይደለም፤ ብዙ ዋጋ ስለ ነበረ ነው።

ይህን ለመለወጥ ብዙ ተሞክሯል። በ2010 የወጣው የጤና ሕግ ሆስፒታሎች ዋጋቸውን በይፋ እንዲያወጡ አዘዘ። በ2019 መጀመሪያ የመዝገቡን ዋጋ በኢንተርኔት እንዲያወጡ ተደረገ፤ ማንም የማይከፍለው ዋጋ ስለ ሆነ ግን ብዙም አልጠቀመም። በዚያው ዓመት በፕሬዚደንት ትራምፕ አስተዳደር የወጣው ጠንካራ ደንብ ከጥር 1 ቀን 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ደንቡ ከእያንዳንዱ ኢንሹራንስ ጋር የተዋዋሉትን ዋጋና በእጁ ለሚከፍል ሰው የሚያስከፍሉትን ቅናሽ ዋጋ እንዲገልጹ ያዝዛል። ከዚህም ሌላ በቀጠሮ የሚደረጉ፣ ሰው አማርጦ ሊወስዳቸው የሚችሉ 300 አገልግሎቶችን ሰው በሚረዳው አኳኋን እንዲያወጡ ያስገድዳል። የሆስፒታሎች ማኅበር ፍርድ ቤት ከሶ ነበር፤ በታኅሣሥ 2020 በይግባኝም ተረታ። መጀመሪያ የተወሰነው ቅጣት በቀን 300 ዶላር ብቻ ስለ ነበር ብዙ ሆስፒታሎች ችላ አሉት። በፕሬዚደንት ባይደን ጊዜ፣ ከ2022 ጀምሮ፣ ለትልልቆቹ በቀን እስከ 5,500 ዶላር ከፍ ተደረገ። የኢንሹራንስ ኩባንያዎችም ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ውላቸውን መግለጥ ጀመሩ። እንግዲህ ቀብር አስፈጻሚው በ1984 የታዘዘውን ሆስፒታሉ በ2021 ታዘዘ ማለት ነው፤ ሠላሳ ሰባት ዓመት ቆይቶ።

ይህ የሚጠቅም ለመሆኑ ከቤቴ ምሳሌ ልስጥ። ባለቤቴ ጉልበቱን ታሞ ሐኪሙ ኤም.አር.አይ እንዲነሣ ወደ አንድ ሆስፒታል ላከው። እኔ የምርመራውን ቁጥር ጠየቅኩና ዋጋውን ፈለግኩ። በኢንሹራንሳችን በኩል ሆኖ፣ ዓመታዊው ከኪስ የሚከፈለው ገና ስላልሞላ፣ ከእኛ የሚፈለገው 1,900 ዶላር ነበር። በመኪና አሥራ ሁለት ደቂቃ ብቻ በሚርቅ የምርመራ ማዕከል ግን በእጅ ለሚከፍል 450 ዶላር ነው። እዚያው ተነሣ፤ ሐኪሙም በውጤቱ ተጠቅሞ አከመው። ያ ልዩነት የልጃችን የአንድ ሴሚስተር መጻሕፍትና ሌላም ነገር ሆነ።

እንግዲህ «ዋጋው ይውጣ እንጂ ውድድሩ ቀሪውን ይሠራል» የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን በዚህ በሙሉ አልስማማም። እውነቱን መናገር ስላለብኝ የሚቃረነውንም ላቅርብ።

አንደኛ፣ በሽታ እንደ ጋቢ አይደለም። ኬኔት አሮው የተባለ የኢኮኖሚ ሊቅ፣ ኋላ በ1972 የኖቤል ሽልማት ያገኘ፣ በ1963 በጻፈው ጽሑፍ እንዳስረዳው በሽተኛው ምን እንደሚያስፈልገው አያውቅም፤ የሚያውቀው ሐኪሙ ነው። ሐኪሙ ደግሞ ሻጭም መካሪም ነው። ገዢው የሚገዛውን ሳያውቅ ደግሞ ገበያው ራሱን አያርምም።

ሁለተኛ፣ ሰው የሚሄደው ሐኪሙ ወደ ላከው ቦታ ነው። በ2018 በወጣ ጥናት የእግር ኤም.አር.አይ የተነሡ ሰዎች ከቤታቸው እስከ ተመረመሩበት ቦታ ድረስ በአማካይ ዋጋቸው ዝቅ ያለ ስድስት ቦታዎችን አልፈው ይሄዱ ነበር። እኛም እንዲሁ ነን፤ «ዶክተሩ ያዘዘኝ እዚያ ነው» ብለን እናልፋለን።

ሦስተኛ፣ ዋጋ መግለጥ አንዳንድ ጊዜ ወደ ጎን ይመለሳል። በዴንማርክ በ1993 የውድድር ባለሥልጣኑ የኮንክሪት ሻጮችን ዋጋ በይፋ ማውጣት ጀመረ። ሻጮቹ ጥቂቶች ነበሩ፤ እርስ በርሳቸው ዋጋ ተያዩና ርካሹ ወደ ውዱ ተጠጋ። በአንድ ዓመት ውስጥ ዋጋው ከ15 እስከ 20 በመቶ ጨመረ። በዚህም አገር ሆስፒታሎች እየተዋዋጡ ብዙ ከተማ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ባለቤት ብቻ ቀርቷል። ብቻውን ያለ ሻጭ ዋጋውን በር ላይ ቢሰቅለው የሚቀንስበት ምክንያት የለውም።

አራተኛውና ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ከ1974 እስከ 1982 ራንድ የተባለው የጥናት ድርጅት ከ2,000 በላይ ቤተሰቦችን በልዩ ልዩ የኢንሹራንስ ዓይነት መድቦ ተከታተለ። ከኪሳቸው እንዲከፍሉ የተደረጉት ሰዎች ሕክምና ቀነሱ። የቀነሱት ግን የማያስፈልገውን ብቻ አልነበረም፤ የሚያስፈልገውንም እኩል ቀነሱ። ጋሼም ያደረጉት ይህንኑ ነው። በሕመም ላይ ሆኖ የቱ የሚታለፍ፣ የቱ የማይታለፍ እንደ ሆነ ለመለየት ማን ይችላል?

ሌላም መንገድ መኖሩን ለማሳየት ወንዙን ተሻግረን ሜሪላንድን እንይ። በ1971 በወጣ ሕግ የተቋቋመ ኮሚሽን የሆስፒታሎችን ዋጋ ራሱ ይተምናል። ከ1977 ጀምሮ ሜዲኬርም ጭምር ለዐሠርት ዓመታት በዚያው ሥርዓት ሲከፍል ኖሯል። በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ኢንሹራንስ ያለውም የሌለውም የሚጠየቀው መነሻ ዋጋ አንድ ነው ለማለት ይቻላል። የሐኪሞች ክፍያ በዚህ ውስጥ አይገባም፤ ጉድለትም አያጣውም። ቢሆንም ከመካከላችን ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩትና አሌግዛንድሪያ የሚኖሩት የዕድራችን አባላት፣ በአንድ ዓይነት በሽታ ተኝተው፣ በሁለት ዓይነት ሕግ እንደሚታከሙ ዕወቁ።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ዋጋ መታወቁ መብት ነው፤ ለቀጠሮ ሕክምና በጣም ይጠቅማል። ለድንገተኛ በሽታ ግን ገበያ የለም፤ እዚያ የሚያስፈልገው ሕግና እርስ በርስ መደጋገፍ ነው። አሁን ወደ ተግባሩ ልግባ፤ እባካችሁ ወረቀትና እስክርቢቶ ያላችሁ ያዙ።

1ኛ. ድንገተኛ ከሆነ ዋጋ አትጠይቁ። ደረት ሲይዝ፣ አፍ ሲጣመም፣ ትንፋሽ ሲያጥር 911 ደውሉ። በ1986 የወጣው ሕግ ድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል ገንዘብ ኖራችሁም አልኖራችሁም እንዲመረምራችሁና አደጋ ላይ ካላችሁ እንዲያረጋጋችሁ ያስገድደዋል። ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ ቢል ይመጣል። ግን ከመሞት መሰንበት ይሻላል፤ ለቢሉ መፍትሔ አለው።

2ኛ. ኢንሹራንስ ያላችሁ ሰዎች፣ ከጥር 2022 ጀምሮ ለድንገተኛ ሕክምና፣ ወይም በኢንሹራንሳችሁ ሆስፒታል ውስጥ ሳትመርጡት ለመጣባችሁ ከውል ውጭ የሆነ ሐኪም፣ የተለየ ተጨማሪ ቢል ሊልኩባችሁ አይችሉም። በመንገድ የሚሄደው አምቡላንስ ግን በዚህ የፌዴራል ሕግ አልተካተተም።

3ኛ. ኢንሹራንስ የሌላችሁ፣ ወይም በእጃችሁ ለመክፈል የመረጣችሁ፣ ቀጠሮ ስትይዙ የዋጋ ግምት በጽሑፍ ጠይቁ። ሕጉ እንዲሰጧችሁ ያዝዛል። የመጣው ቢል ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ በ120 ቀን ውስጥ አቤት ማለት ትችላላችሁ፤ የአቤቱታው ክፍያ 25 ዶላር ነው። ወረቀቱን አትጣሉት።

4ኛ. ለቀጠሮ ምርመራ ሐኪሙን «ቁጥሩን ጻፍልኝ» በሉት። ባለ አምስት አኀዝ ቁጥር ነው። በዚያ ቁጥር ሁለት ሦስት ቦታ ደውሉ፤ «በኢንሹራንስ ስንት፣ በካሽ ስንት፣ የሕንፃው ክፍያ ተጨምሮ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ማፈር የለም። ስትጠይቁ የሚቆጣችሁ ሰው ካለ እሱ ይፈር።

5ኛ. ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች ሁሉ ዐቅም ለሌለው ሰው የሚረዱበት በጽሑፍ የተደነገገ ሥርዓት እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳቸዋል። ከወጣችሁ በኋላ ከመጣው የመጀመሪያ ቢል ጀምሮ 240 ቀን የማመልከቻ ጊዜ አላችሁ። በሥራ ቆይታዬ ያየሁት ትልቁ ኀዘን ይህ ነው፤ ቅጹን ቢሞሉ ዕዳቸው ሊሰረዝላቸው የሚችሉ ሰዎች እንግሊዝኛው ከብዷቸው፣ ወይም «ልመና ነው» ብለው አፍረው፣ በየወሩ ሃምሳ ሃምሳ ዶላር ለዓመታት ሲከፍሉ። ልመና አይደለም፤ ሆስፒታሉ ከግብር ነፃ የሆነበት ግዴታ ነው።

6ኛ. ጥቅል ቢል ከመጣ ዝርዝሩን አስመጡ። ያልተሰጣችሁ መድኃኒት፣ ሁለት ጊዜ የተቈጠረ ምርመራ ሊገኝበት ይችላል፤ እኔ ራሴ አርሜ አውቃለሁ። ደንግጣችሁም በክሬዲት ካርድ አትክፈሉ፤ ያን ጊዜ ዕዳው የሆስፒታል መሆኑ ይቀርና የባንክ ይሆናል፣ ወለድም ይወልዳል።

ክቡራንና ክቡራት፤ ይህን ሁሉ አንድ የታመመ ሰው ብቻውን ያድርገው ማለት ግን ግፍ ነው። ኀዘንተኛን ብቻውን ቀብር እንዲያስፈጽም አንተወውም፤ ድንኳኑን የሚተክል፣ ወጡን የሚሠራ፣ አስከሬኑን የሚሸኝ እንመድብለታለን። ለታመመውስ? ስለዚህ ለጉባኤው ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛው፣ ቢልና የሆስፒታል ቅጽ የሚያነቡ፣ ስልክ የሚደውሉ፣ አስፈላጊም ሲሆን አብረው የሚሄዱ ሦስት ሰዎች ያሉበት ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋም፤ እኔ በነፃ ለማሠልጠን ዝግጁ ነኝ። ሁለተኛው፣ አባላት ፈቃደኛ ሲሆኑ ስም ሳይጻፍ የት፣ ለምን ምርመራ፣ ስንት እንደ ከፈሉ የሚመዘገብበት ደብተር ይከፈት። ሆስፒታሎቹ ያወጡት ዝርዝር ለእኛ ቢያስቸግርም፣ የጎረቤቴ ደረሰኝ ግን ይገባኛል። ወጪው የአንድ ደብተር ዋጋ ነው፤ ከአንድ ሣጥን ይረክሳል።

ጋሼ ዛሬ ቢደውሉልኝ ኖሮ ዋጋውን አሁንም በትክክል ልነግራቸው አልችልም ነበር። ነገር ግን «አይታወቅም» ብዬ አልተዋቸውም። «ጋሼ፣ ካፖርትዎን ይልበሱ፤ መጥቼ እወስድዎታለሁ። ሲመረመሩ አብሬዎት እቀመጣለሁ፤ ቢሉ ሲመጣ ቅጹን እኔ እሞላለሁ» እላቸው ነበር። ይህን ለመማር አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሒሳብ ክፍል ውስጥ መሥራት አላስፈለገኝም፤ የአንድ ሰው ቀብር ላይ መቆም በቃኝ። እናንተ ግን ሌላ ቀብር ሳትጠብቁ ዛሬ እጃችሁን አውጥታችሁ ሐሳቡን እንድታጸድቁት በትሕትና እለምናለሁ።

 ፈጣሪ ጤናችሁን ይስጥልን፤ ላረፉትም ነፍስ ይማር።